ከኖራ ወደ ሲሚንቶ፦ የግቢ ወለል የማንሣት ታሪክ

ጣሪያ የሌለው ግቢ ወለል ከነጣፊው እጅ ከወጣበት ቀን ጀምሮ ለዝናብ፣ ለፀሐይ፣ ለውርጭና ለዛፍ ሥር የተጋለጠ በመሆኑ ከቤት ውስጥ ወለል ይልቅ ቶሎ ያረጃል፤ ያረጀውን አንሥቶ በሌላ መተካትም ከንጣፍ ሥራ ጋር አብሮ የተወለደ ሙያ ነው። ስለ ሕንፃ ጥበብ የጻፉ ሊቃውንት ግን ወለል እንዴት እንደሚነጠፍ በሰፊው ሲያትቱ፣ እንዴት እንደሚነሣ የሚነግሩት በጥቂት ቃላት፣ ያውም በመንገዳቸው ላይ ሲያጋጥማቸው ነው። ነቃዩ ስሙን የሚያኖርበት ሥራ አልነበረውም፤ ሥራው ሲጠናቀቅ የሚታየው አዲሱ ወለል ነውና። ሆኖም የንጣፍ ታሪክ ከማንሣት ታሪክ ተለይቶ ሊገባ አይችልም። አሮጌ ታይል ሳይሰበር መነሣቱ ወይም ከነመደቡ መድቀቁ ከመዶሻው ክብደትና ከሠራተኛው ትዕግሥት ይልቅ የሚወሰነው፣ ከብዙ ዓመታት በፊት ታይሉን ከሥሩ ካለው መደብ ጋር ባያያዘው ማልታ፣ ማለትም አሸዋን ከኖራ ወይም ከሲሚንቶ ጋር በውሃ በማሸት በሚዘጋጀው ቅልቅል ነው።

ይህ ታሪክ በተለይ ጎልቶ የሚነበበው በሜዲትራኒያን ባሕር ዙሪያ፣ ከዚያም ውስጥ በስፔን ምድር ነው። ስፔናውያን «ፓቲዮ» የሚሉት በክፍሎች ወይም በአዕማድ የተከበበ፣ ከላይ ሰማይ የሚታይበት የውስጥ ግቢ፣ ከሮማውያን ቤት በእስልምና ዘመን አልፎ እስከ ዛሬው የከተማ መኖሪያ የዘለቀ የቤት እምብርት ሲሆን፣ ወለሉም በየዘመኑ ተነጥፏል፤ በየዘመኑም ተነሥቷል። ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የተሰጡ ናቸው።

ስለ ደጅ ወለል ከጥንት የተረፈው ዋነኛ ምስክር፣ ሮማዊው ቪትሩቪየስ ከክርስቶስ ልደት በፊት በነበረው የመጨረሻ ክፍለ ዘመን ማብቂያ አካባቢ ጽፎ ለአውግስጦስ ያበረከተው ባለ 10 መጽሐፍ ድርሰት ነው። በሰባተኛው መጽሐፍ የመጀመሪያ ምዕራፍ ላይ እንደሚያስረዳው፣ ጥሩ ወለል ከታች ከጭብጥ የማያንሱ ድንጋዮች ይደረደሩለታል፤ በእነርሱ ላይ የጠጠርና የኖራ ድብልቅ ፈስሶ በቡድን በተሰለፉ ሠራተኞች በእንጨት ይደቀደቃል፤ ከዚያም የተፈጨ ገል ሦስት እጅ፣ ኖራ አንድ እጅ ሆኖ የተዘጋጀ ወፍራም መደብ ይለበጥበታል፤ ታይሉ ወይም ጥርብ ድንጋዩ የሚያርፈው በዚህ በገሉ መደብ ላይ ነው። ገል፣ ማለትም ተሰባብሮ የተጣለ የሸክላ ዕቃ፣ በኖራው ውስጥ የሚገባው ቦታ ለመሙላት ብቻ አይደለም፤ የተተኮሰ ሸክላ ዱቄት ከኖራ ጋር ሲዋሐድ ውሃን የሚቋቋም ማሰሪያ ስለሚፈጥር ነው።

ሰማይ ለሚያየው ወለል ደግሞ ቪትሩቪየስ ጥንቃቄውን ያበዛል። እርሱ በዚህ ስፍራ የሚያስበው በእንጨት ርብራብ ላይ ስለሚያርፍ የሰገነት ወለል ሲሆን፣ እንጨቱ እርጥበት ሲያገኝ እየነፋ፣ ሲደርቅ እየተኮማተረ ወለሉን እንደሚያናጋው፣ ውርጭም ደህና ሆኖ እንዲቆይ እንደማይፈቅድለት ይናገራል። ስለዚህ ሳንቃው በሁለት ድርብ ተጋድሞ እንዲነጠፍ፣ የጠጠሩ ድብልቅ ተደቅድቆ ካለቀ በኋላ ከአንድ የሮማ ጫማ እንዳያንስ፣ በእያንዳንዱ 10 ጫማ ርዝመትም የሁለት ጣት ተዳፋት እንዲኖረው ያዛል። የሮማ ጫማ በ16 ጣት የሚከፈል ስለነበር ይህ ተዳፋት ከ80 አንድ፣ በዛሬው አነጋገር 1.25 በመቶ ይሆናል፤ ዛሬ ግንበኞች ለግቢ ወለል የሚሰጡት ከ1 እስከ 2 በመቶ የሚደርስ ተዳፋትም ከዚያው አልራቀም። ውሃው በመጋጠሚያዎች በኩል እንዳይሰርግ፣ በየዓመቱ ክረምት ሳይገባ ወለሉ የወይራ ዘይት አተላ እንዲጠጣ ይመክራል። ከዚህም የበለጠ መጠንቀቅ ለሚሻ ሰው ሁለት ጫማ ስፋት ያላቸውን የሸክላ ታይሎች በጠርዛቸው ላይ የአንድ ጣት ቦይ አውጥቶ እንዲያጋጥም፣ ቦዩንም በዘይት በታሸ ኖራ እንዲሞላ ያሳስባል።

በዚያው ምዕራፍ ውስጥ፣ የጠጠሩን ድብልቅ ምጣኔ ሲሰጥ፣ ቪትሩቪየስ አንድ ትንሽ ልዩነት ያደርጋል፦ ጠጠሩ አዲስ ከሆነ ለሦስት እጅ ጠጠር አንድ እጅ ኖራ፣ ከፈረሰ ሥራ የተገኘ ከሆነ ግን ለአምስት እጅ ሁለት እጅ ኖራ ይሁን ይላል። ከፈረሰ ሥራ የተገኘውን ጠጠር የሚጠራበት የላቲን ቃል «ሬዲቪቩስ» ሲሆን፣ ተመልሶ ለአገልግሎት የበቃን ነገር ያመለክታል። ይህች ሐረግ ከአንድ የመስፈሪያ ሕግ የበለጠ ትናገራለች። ሮማዊው ግንበኛ አሮጌ ወለል ሲነሣ ፍርስራሹን የሚያየው እንደ ቆሻሻ ሳይሆን እንደ ግብዓት ነበር፤ ግብዓቱ ብዙ ከመሆኑ የተነሣም የራሱ ምጣኔ ተወስኖለት ነበር። ከነባሩ ወለል የወጣ ስብርባሪ በአዲሱ ወለል ሆድ ውስጥ ይገባል፤ አንዱ ትውልድ የነጠፈው ለሌላው ትውልድ መሠረት ይሆናል።

ይህ እንዲሆን ያስቻለው የኖራ ጠባይ ነው። ኖራ የሚገኘው የኖራ ድንጋይን 900 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ በሚደርስ ሙቀት በማቃጠል፣ ከዚያም በውሃ በማብረድ ነው። ከአሸዋ ጋር ታሽቶ ከተነጠፈ በኋላ አየር ውስጥ ያለውን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ቀስ በቀስ እየሳበ ወደ ድንጋይነት ይመለሳል፤ ይህ መመለስ በወፍራም መደብ ውስጥ ዓመታት ይፈጃል፤ ሲጠናቀቅም ቢሆን ከጥሩ ሸክላ ወይም ከእብነ በረድ የለሰለሰ ነው። ለስላሳነቱ ጉድለት ሊመስል ይችላል፤ ለወለል ግን ጥቅም ነበር። መሬቱ ጥቂት ሲሰምጥ ወይም የዛፍ ሥር ሲገፋ የሚሰነጠቀው መደቡ እንጂ ታይሉ አይደለም፤ ወለሉን ማንሣት ያስፈለገም እንደሆነ ጠፍጣፋ ብረት ከታይሉ ሥር ገብቶ ቀስ ተደርጎ ሲቀና ማልታው ይለቃል፤ ታይሉ ሙሉውን ይወጣል፤ ጀርባው ላይ የቀረው ነጭ ቅራፊም በጠፍጣፋ እንጨት ሳይቀር ይፋቃል።

ሙሉውን የሚወጣ ወለል ግን ሌባንም ይጋብዛል። በኮርዶባ አጠገብ በ936 ገደማ መሠራት የጀመረችው የኸሊፋው ሣልሳዊ ዐብዱራሕማን ከተማ መዲናት አል-ዘህራ፣ በ11ኛው ክፍለ ዘመን መግቢያ ላይ በተነሣው የእርስ በርስ ጦርነት ከተደመሰሰች በኋላ፣ ለብዙ ክፍለ ዘመናት የአካባቢው ሕንፃ ሠሪዎች የእብነ በረድና የጥርብ ድንጋይ ጎተራ ሆና ቆየች። አርኪዮሎጂስቶች በ1911 ቁፋሮ ሲጀምሩ ያገኙት የተመዘበረ ከተማ ነበር። የተነቀለ ወለል በኖራ መደብ ላይ የራሱን ምልክት ትቶ የሚሄድ በመሆኑ፣ ድንጋዩ በሌለበትም እንኳ መጠኑንና አደራደሩን መደቡ ላይ ከቀሩት የጠርዝ መስመሮች ማንበብ ይቻላል። እዚህ ላይ የማንሣት ታሪክ ከዘረፋ ታሪክ ጋር ይቀላቀላል፤ ሁለቱንም የፈቀደው ያው ለስላሳ ኖራ ነበር።

ነገሩ የተለወጠው በ19ኛው ክፍለ ዘመን ነው። ፈረንሳዊው መሐንዲስ ሉዊ ቪካ በ1810ዎቹ አንዳንድ ኖራ በውሃ ውስጥ ሳይቀር ለምን እንደሚጠነክር መርምሮ ምክንያቱ በኖራ ድንጋዩ ውስጥ ያለው የሸክላ አፈር መሆኑን አሳየ፤ የሊድሱ ግንበኛ ጆሴፍ አስፕዲን ደግሞ በ1824 «ፖርትላንድ ሲሚንቶ» ብሎ ለሰየመው ዱቄት የባለቤትነት መብት አገኘ። ስሙን የሰጠው ሲጠነክር መልኩ ከታዋቂው የፖርትላንድ ድንጋይ ጋር ይመሳሰላል ከሚል ነበር። ከዚያ ወዲህ እየተሻሻለ የመጣው ሲሚንቶ 1,450 ዲግሪ ገደማ በሚደርስ ሙቀት ከሚጋገር የኖራ ድንጋይና የሸክላ አፈር የሚፈጭ ሲሆን፣ አየር ሳይጠብቅ ከውሃ ጋር ተዋሕዶ በቀናት ውስጥ ይጠነክራል፤ ጥንካሬውም ከሚያያይዘው ታይል ሊበልጥ ይችላል። ማሰሪያው ከሚታሰረው ነገር ጠንክሮ ሲገኝ የወለል ታሪክ አቅጣጫውን ቀየረ።

ሲሚንቶው መደቡን ብቻ ሳይሆን ታይሉን ራሱንም ለወጠው። በደቡብ ፈረንሳይ፣ በሮን ወንዝ ዳር፣ የላፋርዥ ቤተሰብ ኖራ ያቃጥልበት ከነበረው ከለ ቴይ ብዙም ሳይርቅ፣ ቪቪዬ በምትባል ትንሽ ከተማ በ1850 አካባቢ በእሳት የማይተኮስ የሲሚንቶ ታይል መመረት ጀመረ። የዚያ ሸለቆ ኖራ የቱን ያህል ተፈላጊ እንደነበር ለመገመት በ1864 ለስዊዝ ቦይ ሥራ የተገባው የ110,000 ቶን ኖራ ውል በቂ ነው። አዲሱ ታይል ጥቂት ቆይቶ ወደ ባርሴሎና ተሻገረ፤ የባርሴሎናው ጋሬት፣ ሪቬት ኩባንያ በ1867 የፓሪስ ዓለም አቀፍ ትርኢት ላይ አቀረበው፤ በ1886 የተመሠረተው ኤስኮፌት ደግሞ ታላላቅ የካታላን አርክቴክቶችን ንድፍ እያሳተመ የሙያው መሪ ሆነ። ስፔናውያን ይህን ታይል «ሃይድሮሊክ» የሚሉት ሲሚንቶው በውሃ ስለሚጠነክር ነው፤ መጭመቂያው መሣሪያ በውሃ ኃይል መሥራቱም ስሙን ሳያጠናክርለት አልቀረም።

የአሠራሩ ሂደት በቅርብ ሊታይ የሚገባው ነው፤ በኋላ ወለሉ ሲነሣ ለሚደርስበት ሁሉ መነሻው እዚህ ነውና። ሠራተኛው ከታች ልሙጥ ብረት ባለው አራት ማዕዘን ቅርጽ ማውጫ ውስጥ፣ ከነሐስ ቅጠል የተበየደ የሥዕል መከፋፈያ ያስቀምጣል። በእያንዳንዱ ክፍል ውስጥ ከሲሚንቶ፣ ከእብነ በረድ ዱቄትና ከቀለም የተበጠበጠውን ፈሳሽ በትንሽ ጭልፋ ያንቆረቁራል፤ ቀዩ ከቀዩ፣ አረንጓዴው ከአረንጓዴው ቦታ ሳይስት። መከፋፈያው እጅ ሳይንቀጠቀጥ ቀጥ ብሎ ወደ ላይ ይነሣል፤ ቀለሞቹ ተነካክተው ግን ሳይደባለቁ ይቀራሉ። በላዩ ደረቅ የሲሚንቶና የአሸዋ ዱቄት ይነሰነስበታል፤ ይህ ዱቄት የቀለሙን ትርፍ ውሃ ይመጥጣል፤ በመጨረሻ ሻካራው የጀርባ ድብልቅ ይሞላበትና በመጭመቂያው ይታመቃል። ታይሉ በዕለቱ ከቅርጹ ቢወጣም ገና ታይል አይባልም፤ ውሃ ውስጥ ይነከራል፣ ከዚያ በጥላ ሥር ለሳምንታት ይቆያል። በተለመደው 20 በ20 ሴንቲሜትር መጠን የቀለሙ ሽፋን ጥቂት ሚሊሜትር ብቻ ሲሆን፣ ቀሪው ውፍረት ግራጫ ጀርባ ነው። ብዙ ፋብሪካዎች በዚያ ጀርባ ላይ ስማቸውን በጉልህ ፊደል ያትሙ ነበር፤ ፊደሉ ወለሉ ከተነጠፈበት ቀን ጀምሮ ከማልታ ሥር ተቀብሮ፣ እስኪነሣ ድረስ ማንም የማያየው ፊርማ ሆኖ ይኖራል።

ባርሴሎና ለዚህ ታይል ትልቅ ገበያ የሆነችው ከተማዋ ራሷ በጭቃ ውስጥ ስለነበረች ነው። የጥንቱ የከተማ ቅጥር ከ1854 ጀምሮ ሲፈርስና የመሐንዲሱ ኢልዴፎንስ ሰርዳ የማስፋፊያ ፕላን በ1859 ሲጸድቅ፣ ሰፋፊዎቹ አዳዲስ መንገዶች ከመነጠፋቸው በፊት ቤቶቹ ቆሙ፤ የእግረኛ መንገድ ማንጠፍም ለየባለ ቤቱ የተተወ ስለነበር ከተማዋ ዝናብ በዘነበ ቁጥር «ካን ፋንጋ»፣ «የጭቃ ቤት» የሚል የንቀት ስም ወጣላት። በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ዓመታት የከተማው አስተዳደር ለእግረኛ መንገድ አንድ ወጥ የሆነ የሲሚንቶ ታይል መረጠ፤ «ፓኖት» ይባላል፤ 20 በ20 ሴንቲሜትር ሆኖ ከቤት ውስጡ ታይል የወፈረ፣ እግር እንዳያንሸራትት በፊቱ ላይ ቦይና ጉብታ ያለው ነው። ከእነዚህ መካከል የባርሴሎና አርማ እስከመሆን የደረሰው ባለ አበባው ፓኖት፣ አርክቴክት ፑዥ ኢ ካዳፋልክ ከ1898 እስከ 1900 ካሠራው ቤት፣ ከካሳ አማትዬር መግቢያ ጋር ይያያዛል። አርክቴክቱ አንቶኒ ጋውዲም ካሳ ባትዮ ለተባለው ቤት ብሎ የነደፈው ባለ ስድስት ጎን ታይል በመጨረሻ የተነጠፈው በካሳ ሚላ ነበር፤ የባሕር ፍጥረታትን የሚያሳየው ቅርጽ በአንድ ታይል አያልቅም፣ 7ቱ ሲገጣጠሙ ነው ሙሉ የሚሆነው፤ ይኸው ንድፍ ኋላ በፓሴዥ ደ ግራሲያ የእግረኛ መንገድ ላይ ዋለ።

በፓኖትና በግቢው ታይል መካከል ያለውን ልዩነት ልብ ማለት ያስፈልጋል። የመንገዱ ፓኖት እንዲነሣ ታስቦ የተሠራ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም፤ ከሥሩ የውሃ፣ የጋዝና የመብራት መስመሮች ስለሚያልፉ በየጊዜው ይቆፈራል፤ የተሰበረው በማግስቱ በተመሳሳዩ ይተካል፤ መጠኑ ከመቶ ዓመት በላይ አልተለወጠምና። የቤት ግቢና የሰገነት ታይል ግን እንዲህ አይደለም። ንድፉ የአንድ ፋብሪካ፣ የቀለሙ ቅልቅል የአንድ ዘመን፣ አንዳንዴም የአንድ ቤት ብቻ ነበር፤ ከመካከሉ አንዱ ቢሰበር ወንድሙ ገበያ ላይ አይገኝም። ከ1960ዎቹ ወዲህ የሲሚንቶ ታይል በቴራዞ፣ ማለትም በሲሚንቶ በተያያዘ የእብነ በረድ ስብርባሪ፣ እና በርካሽ ሴራሚክ ተገፍቶ ፋብሪካዎቹ ሲዘጉ ቅርጽ ማውጫዎቹም ጠፉ፤ አሮጌው ወለል ያኔ ነው በእርግጥ የማይተካ የሆነው። ያሳዝናል፤ በዚያው ዘመን ነበርና ብዙው በመዶሻ ደቅቆ ከፍርስራሽ ጋር የተጣለው።

እንዲህ ያለውን ወለል በጥንቃቄ የሚያነሣ ሰው ሥራውን የሚጀምረው በጆሮው ነው። ታይሎቹን አንድ በአንድ በመዶሻ እጀታ ያንኳኳል፤ ድፍን ድምፅ የሚሰጠው ከመደቡ ጋር ተያይዟል፤ ባዶ ድምፅ የሚሰጠው ለቋል። ከዚያ ጥግ ላይ ወይም ደፍ አጠገብ ያለ፣ አስቀድሞ የተሰነጠቀ አንድ ታይል መሥዋዕት ይሆናል፤ ከመካከሉ ወደ ዳር እየተሰበረ ይወጣና መሮው ከጎረቤቱ ሥር አግድም የሚገባበት ቦታ ይከፈታል። መሮው ታይሉን ሳይሆን ማልታውን መምታት አለበት፤ ወደ ላይ ከቀና የታይሉን ጠርዝ ይቆርሳል፣ ወደ ታች ካዘነበለ መደቡ ውስጥ ይቀረቀራል። የወጣው ታይል ቁጥር ተጽፎበት በቆመ ጠርዙ ይደረደራል፤ አንዱ በሌላው ላይ ተጋድሞ ቢከመር የታችኛው ይሰነጠቃል። ጽዳቱ ሌላ ጥንቃቄ ይሻል። የተተኮሰ ሸክላ ላይ የቀረን የኖራ ቅራፊ በአሲድ ማሟሟት የተለመደ ሲሆን፣ አሲድ ሲሚንቶንም ስለሚበላ በሃይድሮሊኩ ታይል ላይ ከፈሰሰ ጀርባውን ሊያጸዳ መጥቶ ፊቱን ይዞ ይሄዳል፤ ስለዚህ በውሃ መንከርና መፋቅ ብቻ ይቀራል።

ይህ ሁሉ ለኢትዮጵያዊ ግንበኛ ባዕድ አይደለም። የሲሚንቶ ሥራ ወደዚህ ምድር በስፋት የገባው በአብዛኛው በጣሊያኖች እጅ ስለነበር ማልታ፣ ካዞላ፣ አርማታ፣ ሊሾ የሚሉት የሙያው ቃላት ሁሉ ከጣሊያንኛ የተወረሱ ናቸው፤ ሊሾ ራሱ በቋንቋው «ልሙጥ» ማለት ሲሆን፣ ታይል ሳይነጠፍ በሲሚንቶ ብቻ ተለስኖ የሚያልቀውን ወለል ይሰይማል። በአዲስ አበባ አሮጌ ቤቶች በረንዳ ላይ አሁንም የሚታየው ባለ ቀለም የሲሚንቶ ታይልም የዚያው የሜዲትራኒያን ቤተሰብ ነው። አማርኛ ማንጠፍንና ማንሣትን አንድ ላይ ያቆራኘ ቋንቋ መሆኑም ለጉዳዩ ይስማማል፦ ምንጣፍ ይነጠፋል፣ ይነሣል፤ ወለልም ተነጠፈ ይባላል፣ ተነሣ ይባላል። ቃሉ የሚያስበው የተዘረጋ ነገር ተመልሶ ሊጠቀለል እንደሚችል ነው።

ሲሚንቶ ይህን ሐሳብ አዳከመው፤ ከእርሱ በኋላ የመጣው ደግሞ ሊያጠፋው ተቃረበ። እስከ 20ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ድረስ ታይል የሚያርፈው ብዙ ሴንቲሜትር በሚወፍር የማልታ መደብ ላይ ነበር። በ1950ዎቹ አሜሪካዊው ኬሚስት ሄንሪ ሮትበርግ ሲሚንቶን ከላቴክስ፣ ማለትም ከጎማ መሰል ፈሳሽ ጋር በማዋሐድ በጥቂት ሚሊሜትር ውፍረት ብቻ ታይልን ከኮንክሪት ጋር የሚያጣብቅ ማልታ ሠራ፤ በ1956ም ላቲክሪት የተባለውን ኩባንያ መሠረተ። ሥራው ቀለለ፣ ፈጠነ፣ ወለሉም ቀጠነ። የጥንካሬውን መጠን ለመረዳት የዛሬው የአውሮፓ መመዘኛ በቂ ነው፦ ከፍተኛ ደረጃ የተሰጠው ማጣበቂያ በእያንዳንዱ ካሬ ሚሊሜትር ቢያንስ የ1 ኒውተን መሳብን በቤተ ሙከራ መቋቋም አለበት። 20 በ20 ሴንቲሜትር የሆነ አንድ ታይል 40,000 ካሬ ሚሊሜትር ስፋት ስላለው፣ እንዲህ የተጣበቀን አንድ ታይል ቀጥታ ወደ ላይ ስቦ ለማላቀቅ አራት ቶን የሚጠጋ ኃይል ያስፈልጋል ማለት ነው። ከዚያ በፊት ታይሉ ራሱ ይሰበራል።

መሣሪያዎቹም በዚያው አቅጣጫ ተጓዙ። ቦሽ በ1932 የኤሌክትሪክ መዶሻውን ለገበያ አቀረበ፤ ፍሌክስ በሚል ስም የሚታወቀው የጀርመን ኩባንያ በ1954 ፈጣኑን የማዕዘን መፍጫ አወጣ፤ በጀርመን ሠራተኞች ዘንድም «ፍሌክስ» የሚለው ቃል የመሣሪያው መጠሪያ ለመሆን በቃ። ከዚያ ወዲህ አሮጌ ወለል ማንሣት ማለት በአብዛኛው ማድቀቅ ማለት ሆነ። የሚወጣው ፍርስራሽ ቪትሩቪየስ ያውቀው የነበረው ዓይነት አይደለም፤ ታይል፣ ማጣበቂያና ኮንክሪት አንድ ላይ የተዋሐዱበት፣ ለመለየት የሚያስቸግር ስብርባሪ ነው። ሠራተኛውም የሚተነፍሰው አቧራ ከጥንቱ የከፋ ሆነ፤ በአሸዋ ውስጥ ያለው ኳርትዝ በደረቁ ሲፈጭ ወደ ሳንባ ጠልቆ የሚገባ የሲሊካ ብናኝ ይሆናል፤ ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲም በ1997 ይህን ብናኝ በሰው ላይ ካንሰር እንደሚያመጣ በተረጋገጡት ምድብ ውስጥ አስገብቶታል። ወለሉን በውሃ እያራሱ መሥራት አቧራውን ይቀንሳል፤ በእጅ መሮ ከኖራ መደብ ላይ ታይል ያነሣ የነበረው ሰው ግን ይህን ያህል ብናኝ አያስነሣም ነበር።

ማንሣትን በጽሑፍና በሥርዓት ያጠኑት የቤት ግንበኞች ሳይሆኑ የጥንት ሞዛይክ ጠጋኞች ናቸው። ሞዛይክ ከጥቃቅን ጥርብ ድንጋዮች የተገጣጠመ ባለ ሥዕል ወለል ሲሆን፣ ከመሬት ለማውጣት ሥዕሉ ላይ ጨርቅ በእንስሳ ሙጫ ይለጠፋል፤ ሙጫው ሲደርቅ ረጃጅም መሮዎች በመደቡ ውስጥ አግድም ይገባሉ፤ ሥዕሉ በጨርቁ ተይዞ ተቆራርጦ ይነሣል፣ ወይም በትልቅ ከበሮ ላይ እንደ ምንጣፍ ይጠቀለላል። ችግሩ ዳግም ሲነጠፍ ነበር። በ1931 በአቴንስ የተሰበሰቡ የሐውልት ጥበቃ ባለሙያዎች ያወጡት ቻርተር ለዘመናዊ ቁሳቁስ፣ በተለይም ለአርማታ መልካም አቀባበል አደረገ፤ በዚያው መንፈስ በ20ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ከመሬት የወጡ ብዙ ሞዛይኮች በብረት በተጠናከረ ሲሚንቶ ላይ ተለጠፉ። ዓመታት ሲያልፉ በሲሚንቶው ውስጥ ያለው ብረት ዛገ፤ ዝገት ከብረቱ የበለጠ ቦታ ስለሚይዝ ሲሚንቶውን ሰነጠቀ፤ ከሲሚንቶው የሚወጣውም ጨው በጥንቱ ድንጋይ ላይ አበበ። ከሺህ ዓመት በላይ በኖራ ላይ የኖረ ሥዕል ለእርዳታ በመጣው ሲሚንቶ ታመመ፤ በኋላ የመጡት ጠጋኞችም ያንን ሲሚንቶ ከጀርባው ለማንሣት ከመጀመሪያው ማንሣት የባሰ ድካም ገጠማቸው። በ1977 ሮም ላይ ለተመሠረተው ዓለም አቀፍ የሞዛይክ ጥበቃ ኮሚቴ ከዋና ጉዳዮቹ አንዱ ይኸው ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ጠጋኞች ሞዛይክን በተቻለ መጠን ሳያነሡ በቦታው በኖራ መጠገንን መርጠዋል።

ከዚህ ልምድ የግቢ ወለል ሠሪዎችም ተጠቅመዋል። በካታሎኒያና በአንዳሉሲያ አሮጌ ቤቶችን የሚያድሱ ጥንቁቅ ግንበኞች፣ በቁጥር ያስቀመጡትን ታይል ሲመልሱ ሲሚንቶ በማይገባበት ወይም በጣም ባነሰበት የኖራ ማልታ ላይ ያሳርፉታል፤ የተጎደለውን የሚሞላውን አዲስ ታይልም፣ የ1964ቱ የቬኒስ ቻርተር በ12ኛው አንቀጹ እንደሚጠይቀው፣ ከአሮጌው ጋር ተስማምቶ ነገር ግን ተለይቶ እንዲታይ ያደርጋሉ። ተዳፋቱን በውሃ ልክ ይለካሉ፤ መጋጠሚያውን በቀጭን የኖራ ውሃ ያጠግባሉ፤ ታይሉን በጎማ መዶሻ መታ መታ አድርገው ያስተካክላሉ። የፋብሪካው ስም ያለበት ጀርባ እንደገና ወደ ታች ይዞራል፤ ከሥሩ የሚያርፈውም መደብ፣ የሚቀጥለው ሰው መሮ በአግድሙ ሲገባበት የሚለቅ ለስላሳ ኖራ ነው።